የሰብለ ላስቲክ፣ የኔ ሸራ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 19

ላስቲክ ይሁን አለች ሰብለ። ያውም ያንን እንደ መስታወት የሚያሳየውን፣ አዲስ አበባ ሰዎች አዲስ ሶፋ ሲገዙ ሳያወልቁት የሚቀመጡበትን። በጁባ ፀሐይ! ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። አፌን ከፍቼ ቢሆን ኖሮ ምሳ የሚበሉት ደንበኞች ሳህናቸውን ጥለው ይወጡ ነበር።

ወንድሜ ታደሰ ካምፓላ አሠርቶ ያስመጣቸው የግቢ ወንበሮችና ጠረጴዛዎች ማንጎው ስር ከተደረደሩ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላቸውም። እንጨታቸው ያምራል። መቀመጫቸው ወፍራም ስፖንጅ ነው። ዝናቡ ደግሞ ጀምሯል። መሸፈኛ እንደሚያስፈልጋቸው ሁላችንም ተስማምተናል። የተጣላነው መራጩ ማን ነው በሚለው ነው።

ይህን ምግብ ቤት ከታደሰ ጋር ጁባ ኒምራ ታላታ ሰፈር ስንከፍት ግቢው ቁጥቋጦና የተጣለ ጎማ ነበር። የመነጠርኩት እኔ። አበባውን የተከልኩት እኔ። ለአራት ዓመት በየጠዋቱ አቧራ እንዳይነሳ ውሃ የረጨሁት እኔ። ሰብለ ማን ናት? የታደሰ ሚስት ናት፤ ይህን አልክድም። ከመጣች ሦስት ወሯ ነው። ሻንጣዋን እንኳ በቅጡ አላወጣችም፣ ልብሷን ከዚያው እየመዘዘች ትለብሳለች። ልጇን ቤዛን ለእናቷ ጥላ መጥታ እዚህ ስለ ወንበር ታስተምረኛለች። ደግሞ "እርስዎ" ትለኛለች። አክብራኝ አይደለም፣ ልታስረጀኝ ነው።

ማታ ታደሰ ለዕቃ ከሄደበት ከካምፓላ ደወለ። መጀመሪያ የኔን ክስ ሰማ፣ ቀጥሎ የሷን። ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና እንዲህ አለ፦ "በአንድ ግቢ ሁለት አለቃ አይሆንም። ግማሹን ወንበር አንቺ በመረጥሽው፣ ግማሹን እሷ በመረጠችው ሸፍኑ። ቅዳሜ ስመጣ አያለሁ። የተሻለ የመረጠችው ግቢውን ትይዛለች፤ ሌላዋ አዲስ አበባ ሄዳ እዚያ ያለውን ሱቃችንን ትይዛለች።"

ሚስት ተሸንፋ ስትሄድ አይቼ አላውቅም። የምሄደው እኔ ነኝ ማለት ነው። ባሌን ፈትቼ የወጣሁባት ከተማ፣ የእናቴ ጓሮ ያለችው አንዲት ክፍል፣ "ተመለስሽ እንዴ?" የሚሉኝ ጎረቤቶች። አልሄድም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 20

በቦዳ ሞተር ኮኞ ኮኞ ገበያ ሄድኩ። ሞተረኛው ጉድጓድ አንድም እንዳያመልጠው ተጠንቅቆ ነዳ። ወገቤ አሁንም አልተመለሰም።

ሸራ ሻጩ ከዳርፉር የመጣ ሽማግሌ ነው። ሰማያዊውን ስስ ሸራ ዘረጋልኝ፤ እሱ አንድ ወር ፀሐይ ከመታው በእጅ የሚፈረፈር ነው። ብርማ ቀለም ያለውን ዘረጋልኝ፤ እሱ ደግሞ ነፋስ ሲነካው እንደ ከበሮ ይጮሃል። በመጨረሻ ከሱቁ ጥግ የጭነት መኪና ሸራ ጎትቶ አወጣ። አረንጓዴ፣ ሰም የጠጣ፣ ለብቻ የማይነሳ። "ዳ ኩዌስ፣ ማማ" አለኝ። ጥሩ ነው ማለቱ ነው፤ ኩዌስ መሆኑን እኔም አይቻለሁ። ለምን እንደምፈልገው ጠየቀኝ። ለወንበር ነው ስለው ገርሞት ምላሱን ጠቅ አደረገ። ወንበርም ዝናብ ይፈራል ወይ አለኝ። የዚህ አገር ሰው ሁሉ ዛሬ አስተያየት አለው።

ተመልሼ ስመጣ ሰብለ መንገዳችን ጫፍ ያለውን ኡጋንዳዊ ልብስ ሰፊ ጠርታ ወንበሮቹን እንደ ሙሽራ ታስለካለች። ወገብ፣ ትከሻ፣ ቁመት። ለእያንዳንዱ ወንበር ልክ ልኩን የላስቲክ ልብስ፣ ከጎኑ ዚፕ ያለው! ወንበር ዚፕ ለብሶ አይቼ አላውቅም።

"ደስ ይላል አይደል?" አለችኝ።

"ዝናቡ ደስ ሲለው ታያለሽ" አልኳት።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 21

ዛሬ ሸፈንን። ታደሰ እስኪመጣ ማንም እንዳይነካቸው ተስማማን፤ ደንበኞች በአሮጌዎቹ የፕላስቲክ ወንበሮች ይቀመጡ።

የኔን ሸራ ከላይ እስከ መሬት አለበስኩት። ጫፉን ዙሪያውን በድንጋይ ጫንኩት። መሐሉን በገመድ ጠፈርኩት። ዝናብ ቀርቶ አየር አይገባበትም። ራቅ ብዬ ሳየው አንጀቴን አራሰው። የሷ ወንበሮች ደግሞ በላስቲካቸው ውስጥ ያብረቀርቃሉ። አንድ ደንበኛ፣ የአየር መንገድ ሠራተኛ ነው፣ "የሚሸጡ ናቸው?" ብሎ ጠየቀ። አልሳቅኩም። እንዳልስቅ ወጥ ቤት ገባሁ።

አመሻሹ ላይ ሰብለ እንደ ልማዷ ኔትወርክ ፍለጋ የውሃ ጋኑ ማማ ላይ ወጣች። በየቀኑ ነው። እዚያ ላይ ቆማ ድምፅዋን ቀጭን አድርጋ ታወራለች፣ ትዘፍናለችም። እሷ እላይ ሆና ስታወራ እኔ ታች ወንበሮቿ አጠገብ ነበርኩ።

እዚህ ደብተር ላይ ከዋሸሁ የት ልናገር ነው? የአንዱን ወንበር ዚፕ ትንሽ ከፈትኩት። ከዚያ የሌላውንም። ከዚያ ሁሉንም። ላብ እንዳያፍናቸው ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ራሴም አላመነኝም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 22

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ከናይል በኩል ጠቆረ። መጀመሪያ ነፋሱ መጣ፤ አቧራውን፣ የላስቲክ ከረጢቱን፣ የጎረቤትን ልብስ ይዞ። ቀጥሎ ዝናቡ ወረደ። የቆርቆሮው ጩኸት ሰው አያሰማም። ደንበኞቹን ወደ ውስጥ አስገባን፣ ሻይ አዞርኩ።

በመስኮት ሳይ ሰብለ ዝናቡ ውስጥ ናት። የራሷ ወንበሮች ጋ አይደለም፤ የኔ ሸራ ጋ ናት! በጉልበቷ ተንበርክካ ገመዴን ትጎትታለች። ደሜ ፈላ። ጃንጥላ እንኳ ሳልይዝ ወጣሁ።

"ምን ትነካኪያለሽ?"

"ገመዱ ተፈቶ ነበር፣ ነፋሱ ሊወስደው" አለች። ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተጣብቋል።

"እጅሽን ከሸራዬ ላይ አንሺ።"

አነሳች። ወደ ውስጥ ስትሄድ ወንበሮቿን ዞራ እንኳ አላየቻቸውም። ገመዱን መረመርኩ። ቋጠሮው የኔ አይደለም፤ ከኔ ይበልጥ ጠብቋል። ፈትቼ እንደገና አሰርኩት። አንድ ተንኮል አስባለች፣ ግን አልደረስኩበትም። ዓይኗን በጨው አጥባ እራት ላይ "ብርድ እንዳይመታዎት" አለችኝ። እኔን ማስነጠስ የጀመረኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 23

ጠዋት ፀሐዩ እንደ ምድጃ ነው። ሁለታችንም ግቢ ወጣን። መጀመሪያ የሷ ተከፈተ። ስፖንጁ ውሃ ጠጥቶ አብጧል፤ ስጫነው በጣቶቼ መሐል ፈሰሰ። ላስቲኩ ውስጥ ያለው እንፋሎት ፊቴን መታኝ። እውነቱን ልጻፍ፣ ደስ አለኝ። ዚፑ ትዝ ሲለኝም ደስታዬ ብዙ አልቀነሰም።

"የኔን ደግሞ ተመልከቺ" ብዬ ድንጋዮቹን አነሳሁ። ሸራውን ገለጥኩ።

ሽታው ቀደመኝ። የረጠበ ምድር ቤት ሽታ። ከዚያ አየሁት። በወንበሮቹ እግር ላይ ከመሬት ጀምሮ ቀጭን የጭቃ መስመር ወጥቷል፤ አንዱ መቀመጫው ድረስ ደርሶ ጨርቁን በልቷል። ምስጥ። በእንጨት ጠረግ ሳደርገው ነጫጮቹ ተርመሰመሱ። እኔ በእጄ ጨለማና እርጥበት አዘጋጅቼ፣ ዙሪያውን በድንጋይ ዘግቼ፣ ግቡና ብሉ ብያቸዋለሁ። እኔም ያው የአዲስ አበባ ሴት፣ ጉዳት ከላይ ብቻ የሚመጣ መሰለኝ።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። የእናቴ ጓሮ ክፍል ፊቴ ላይ መጣ፣ የበሯ ቀለም ሳይቀር። ሰብለ ከኋላዬ ቆማለች። ሳቋን ጠበቅኩ።

"ነጭ ጋዝ አለ?" አለች።

ቀኑን ሙሉ ሠራን። እሷ ጭቃውን ትፍቃለች፣ እኔ እግሮቹን በጋዝ አሻለሁ። የተበላውን ጨርቅ ከሷ መቀመጫዎች በአንዱ ቀየረችው። ሁሉንም ፀሐይ ላይ አሰጣን። ምስጡ የላይ የላዩን ነው የበላው፤ አንድ ቀን ቢቆይ ግን አላውቅም። የወንበሮቹን እግር ጡብ ላይ አቆምን። የራሷን ወንበሮች የነካቻቸው መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱም እንደ ነገሩ።

"ለምንድን ነው የምትረጂኝ?" አልኳት።

"ነገ ባሌ ይመጣል" አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ገባኝ። ወሬውን ለሱ አስቀምጣለች። እንዲህ ተዋርጄ፣ በሷ እጅ ታጥቤ ተቀሽሬ፣ ነገ ፊቱ ታፈርጠዋለች። እራት አልበላሁም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 24

ታደሰ ገባ። ወፍሯል። ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ወደ ግቢው አመራ። ወንበሮቹን እየዞረ በእጁ መታ መታ አደረገ፣ የሷን ስፖንጅ ሲጫን ግንባሩ ተቋጠረ።

"እሺ፣ እንዴት ሆነ?"

ሰብለ ቀደመችኝ።

"የኔ ውሃ አስገባ" አለች። "የእትዬ ወይንሸት ሸራ ነው የያዘው። ያን ሁሉ ዝናብ ቻለ። እሳቸው ያውቁበታል።"

ስለ ምስጡ አንድ ቃል የለም። እኔ ፊቷን አያለሁ፣ እሷ ጡቦቹን ታያለች። መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። አልተናገርኩም።

ታደሰ ጭንቅላቱን አከከ። ቃሉ ቃል ነው፣ ለሁለታችንም ሰጥቶታል። "እንግዲህ ..." አለ። "ሰብለ፣ ቅር እንዳይልሽ። ሱቁም ሰው ይፈልጋል። በሚቀጥለው ሳምንት በረራ ልያዝልሽ?"

"አንተ ካልክ" አለች፣ አንገቷን ደፍታ።

አሸነፍኩ። ወጥ ቤት ተከትያት ስገባ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ሽንኩርቱ ፊት ቆማ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ትስቃለች፤ ዓይኗ ግን ሞልቷል።

"ቤዛ እናቴን ነው እማዬ የምትለው" አለችኝ። "እኔን በስሜ ነው የምትጠራኝ። ስልክ ላይ ዘፈን ካልዘፈንኩላት ትዘጋብኛለች።"

"ታዲያ ለምን ልሂድ አትይውም ነበር?"

"ባሏን ጥላ ሄደች ልባል? እናታችሁ ምን ይሉኛል? እርስዎስ ምን ይሉኝ ነበር?"

ምን እንደምል ሁለታችንም እናውቃለን። ሰኞ ዕለት እዚህ ላይ ጽፌዋለሁ።

"ራሱ ይላከኝ አልኩ" አለች። ከዚያ ቢላዋዋን አነሳች። "ዚፑን ረቡዕ ማታ ከማማው ላይ ሆኜ አይቻለሁ። ወርጄ ልዘጋው ነበር። ተውኩት። ሐሙስ ግን ሸራው ቢበርር ሁለታችንም ስለምንሸነፍ፣ ዘልዬ ወጣሁ።"

ፊቴ እንደ በርበሬ ሆነ። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። "ሽንኩርቱን አሳንሰሽ ክተፊው" አልኳት።

እሁድ፣ ሚያዝያ 25

ግቢው ሞልቶ ዋለ። አዲሶቹ ወንበሮች ላይ ተቀመጡ፤ የሷዎቹ ደርቀዋል፣ ትንሽ ይሸታሉ። ደንበኛ ሁሉ "ያምራል" ይላል። ሰብለ ሳህን ይዛ በመሐላቸው ስትመላለስ አየኋት። ሦስት ወር ስጠላት እግሯ ቀላል መሆኑን አላየሁም ነበር።

ለታደሰ ስለ ምስጡ ነገርኩት። ስለ ዚፑም። አዲስ አበባ ላከኝ ብዬ አይደለም፤ ግቢውን ሌላ ሰው አሸንፎ እንደሰጠኝ ሆዴ ውስጥ ይዤ መኖር ስላቃተኝ ነው። ስለ ቤዛ ግን አላነሳሁም፤ ያንን መንገር የሚስቱ ፋንታ ነው።

"ታዲያ እሷን ላስቀራት?" አለኝ።

"አንዴ ሂጂ ብለሃታል" አልኩት። "ቃልህን አትጠፍ።"

ይህን ሁሉ ዓመት ለሱ እንዲህ ኮስተር ብዬ ተናግሬ አላውቅም። እሺ አለ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 27

በረራዋ ነገ ነው። ዛሬ ሸራውን አዲስ አድርጌ ወጠርኩት፤ ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ነፋስ በስሩ እንዲያልፍ። የወንበሮቹ እግር ጡብ ላይ ነው። ገመዱን ስቋጥር የሷን ቋጠሮ ለመድገም ሞከርኩ። አልመጣልኝም። ጠርቼ እንድታሳየኝ አላደረግኩም።

ሻንጣዋ በር ላይ ቆሟል፤ አሁን ሞልቷል። ዚፑ ተበላሽቶ ሆዱ ተከፍቷል። ለቤዛ የገዛችው ቀይ ጫማ ሊወድቅ ነው።

የላስቲክ ልብሶቹን ከመጋዘን አወጣሁ። ሁለቱን በመቀስ ተርትሬ ሻንጣውን ጠቀለልኩት፤ አንዴ በቁመት፣ አንዴ በወርድ። በገመድ ጠፈርኩት። ጫማው ከውስጥ ሆኖ ጥርት ብሎ ይታያል። ሰብለ መጥታ ከኋላዬ ቆመች።

"ይሄ ላስቲክ ለዚህ ይሆናል" አልኳት።

"ውሃ አያስገባም?" አለች።

"ዚፕ ከሌለው አያስገባም።"

አሁንም አልወዳትም። ሰማዩ ከናይል በኩል እየጠቆረ ነው። አውሮፕላኑ ጠዋት ነው፤ እስከዚያ ቢያባራ።