የእህቴ ስም

ኅዳር 5
ኬሚስትሪ ተፈተንን። ከሃያ አስራ አንድ። ቤት ስገባ ሕፃኗ ተኝታለች። ደረቷ ሲንቀሳቀስ እስካይ ቆሜ ጠበቅኩ። እህቴ ዞያ እሷን ወልዳ በዚያው ከሞተች አምስት ሳምንት አለፈ። ቤት ውስጥ የዞያን ስም የሚጠራ የለም።

ኅዳር 8
እማ ወሰነች። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሕፃኗ ስትባረክ ስሟ ዞያ ይሆናል። አባቷ ጉልላትም ከበዴሳ ደውሎ እሺ ብሏል። አክስቴ አስካለች እማ ላይ ጮኸች፤ "የሞተ ሰው ስም? ዕጣው ይከተላታል! ያውም የፈረንጅ!"
ስሙን ያመጣው አያታችን ነው። ኪየቭ ሲማር ታሞ ያስታመመችው የቤት አከራዩ ስም ነበር። በግሪክኛ ሕይወት ማለት ነው ይል ነበር። ሕይወት... በሃያ ሦስት ዓመቷ ሞታ? ይቺም ብትሄድስ?

ኅዳር 11
ጤና ጣቢያ፣ የሕፃኗ ክትባት። እማ ጡጦ ስታጠባት እኔ ካርዱን ይዤ ተሰለፍኩ። ስም የሚለው ቦታ ባዶ ነው።
"ስም?" አለች ነርሷ።
"ባርኮት።"
እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ጻፈችው። ካርዱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ኅዳር 13
እማ ካርዱን አገኘችው።
"ባርኮት ማን ናት?"
"ፈራሁ።"
"እኔ የማልፈራ መሰለህ? ልጄን ቀብሬያለሁ። ስሟንም አንተ ልትቀብርብኝ ነው?"
ካርዱን እጄ ላይ አስቀምጣ ወደ ሕፃኗ ሄደች።

ኅዳር 14
መጋቢው ሕፃኗን ታቀፉ። "ስሟ ማን ይባላል?"
እኛ ጋ ስሙን ለጉባኤው ጮክ ብሎ የሚናገረው ከቤተሰቡ አንዱ ነው። እማ አፏን ከፈተች... ድምፅ የለም። ጉልላት መሬት መሬት ያያል።
"በል እንጂ አጎትየው! አንተም ምላስህን ዋጥክ?" አሉኝ መጋቢው። ሰው ሳቀ። ባርኮት ብል ማን ይከለክለኛል? እማ አየችኝ።
"ዞያ።"
ከኋላዬ አስካለች "ኧረ በኢየሱስ ስም!" ስትል ሰማኋት።

ኅዳር 15
ከትምህርት በፊት ካርዱን ላስተካክል ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ያቺው ነርስ።
"አንተ ልጅ፣ የእህትህን ልጅ ስም ትረሳለህ?"
ካርዱን አቀበልኳት። ባርኮት የሚለውን ሰረዘች።
"ዞያ ማን?"
ዞያ ጌታሁን ልል ምላሴ ላይ መጣ። እሱ የእህቴ ነው። መቃብሯ ላይ ተጽፏል።
"ዞያ ጉልላት" አልኩ።
እንዲህ የምትባል ሰው እስከ ዛሬ ቤታችን አልነበረችም።
አሁንም እፈራለሁ። ግን ለእሷ ነው የምፈራው፤ ስሟን አይደለም።