ፊቷን ታጥባ የሄደችው እመቤት

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ፣

ከሰላምታው በፊት አንድ ከባድ ነገር ላሳውቅሽ እገደዳለሁ። የምትቀመጪበት ፈልጊ፤ ቢቻል ከአጠገብሽ ሰው ይኑር። ላለፈው አንድ ዓመት ከመንፈቅ በመሳቢያችን ውስጥ በክብር ይኖር የነበረው የመዳፍ ያህል የፕላስቲክ ሣጥን፣ በአክስታችን ባል እጅ፣ በልብስ ሰፊ መቀስ እጀታ ሦስት ጊዜ ተመትቶ ከዚህ ዓለም ተለይቷል። ሥርዓተ ቀብሩ በቆሻሻ ቅርጫት ተፈጽሟል። አሁን ትስቂ ይሆናል። ከሣጥኑ ጋር ምን እንደተቀበረ ስነግርሽ ግን ነፍስ ይማር የምትይው አንቺው ነሽ።

አሁን ወደ ሰላምታዬ ልመለስ። እንደምን ከርመሻል፣ እጅግ እንደምን አለሽልኝ? ደረጃ ስወጣ ይንቋቋል ያልሽው ጉልበትሽ ዝም አለ ወይስ አሁንም ከአንቺ ቀድሞ ነው የሚናገረው? ባለቤትሽ ከሥራ ሲገቡ ራሳቸውን ያማቸው የነበረው ተሻላቸው? ልጆቹስ አደጉ? እኛ ደህና ነን ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል፤ ደህና አይደለንም እንዳልልሽ ደግሞ ይህን የምጽፈው ሳቄን እየዋጥኩ ነው። ሳቁም ደግ ሳቅ አይደለም።

እመቤቲቱን ታስታውሻታለሽ። አያታችን ለአክስታችን ያወረሷት፣ አንገቷን ያቀናች ሴት የተቀረጸባት የብር ሳንቲም ናት። እናታችን ሞታ አክስታችን ሲያሳድጉን፣ ስናለቅስ መዳፋችን ላይ ያስቀምጧትና ቅዝቃዜዋ ዝም ያሰኘን ነበር። በኋላ የአክስታችን ዓይን በሞራ ሲሸፈን፣ የዓይን ሐኪሙም ሞራው ሳይጠነክር ይሠራ ሲል፣ ትሸጥ ተባለ። ለመሸጥ ደግሞ ዛሬ ሳንቲምም ምስክር ወረቀት ይፈልጋል። በሌላ ከተማ መርማሪዎች አሉ፤ በማጉያ መነጽር ገለባብጠው ያዩና ከአንድ እስከ ሰባ ቁጥር ሰጥተው፣ ቁጥሩን ለጥፈው፣ በማይከፈት የፕላስቲክ ሣጥን ያሽጋሉ። ሰባ ማለት ከተሠራ ጀምሮ የሰው እጅ ያልነካው ማለት ነው። አክስታችን ይህን ሲሰሙ፣ «እንግዲያው በዚህ ቤት ሰባ የሚያገኘው መጥረጊያው ነው፤ የባሌ እጅ ነክቶት አያውቅም» አሉ።

እመቤቲቱ ስልሳ አራት አመጣች። ጉንጯ ላይ አንዲት ጭረት ባትኖር ስልሳ አምስት ነበረች። እዚህ ላይ ነው የአክስታችን ባል ያበዱት። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ ኖረው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራ ፈትተው ነበርና፣ ሥራ አገኙ። ከጠዋት እስከ ማታ መስኮት ሥር ተቀምጠው የብር ሴት ጉንጭ መመርመር ነው። የሚስታቸውን ዓይን የሸፈነውን ሞራ ሦስት ዓመት ሙሉ ያላዩ ሰው፣ ፀጉር የማታህል ጭረት አይተው ከነርዝመቷ ይነግሩሻል። አፋቸው ሰባ፣ ሕልማቸው ሰባ ስለሆነ፣ የሰፈሩ ሰው «አቶ ሰባ» ይላቸዋል። እሳቸው የክብር ስም መስሏቸው አቤት ይላሉ።

ከደረጃው ሥር ቁም ሣጥን የምታህል ሱቅ ያለችው ሳንቲም ነጋዴ ቤታችን ድረስ መጣ። በስልሳ አራቷ ዛሬውኑ እገዛለሁ፣ አንድ ዓይን ታሠራለች አለ። አቶ ሰባ ስልሳ አምስት ብትሆንስ አሉት። ዋጋዋ ይዘላል፣ ሁለቱንም ዓይን አሠርታ ትተርፋለች አላቸው። እንደገና ተልካ ቁጥሯ ከፍ ሊል ይችላል ወይ ሲሉት ሳቀ። «መርማሪም ሰው ነው አባቴ። ቁርሱን በልቶ ከመጣ ስልሳ አምስት፣ ከሚስቱ ተጣልቶ ከመጣ ስልሳ ሦስት።» አቶ ሰባ ይህን ሰምተው ማጉያቸውን ፍለጋ ወደ ጓዳ ገቡ። ቀሪውን ምክር የሰማነው አክስታችንና እኔ ነን። የምትላክ ከሆነ ከነሣጥኗ ትላክ፣ ያኔ ባትጨምርም አትቀንስም አለን። ደግሞ እንዳትታጠብ፤ ጨርቅ እንኳ ሳንቲም ይገድላል፣ የታጠበ ሳንቲም ማንኪያ ነው አለን። አክስታችን «ማንኪያ» ብለው ደገሙ።

ጉባኤ ተቀመጥን። አንቺ በስልክ «ያለው ይበቃል፣ አንዱን ዓይን ይሠሩላቸው» ስትይ መስመሩ ተቋረጠ፤ አቶ ሰባ መቋረጡን እንደ ድጋፍ ቆጠሩት። እኔ እንደምታውቂኝ ሁለቱንም ወገን አበረታታሁ። አክስታችን መጨረሻ ተጠየቁ። «ስልሳ አራቱ ይበቃኛል። ሽጣትና አንዱን ዓይኔን ላሠራበት» አሉ። አቶ ሰባ ግን ግማሽ ሥራ እንደማይወዱ፣ ባለ አንድ እጅጌ ሸሚዝ አስረክበው እንደማያውቁ ገለጹ። ወይ ሁለቱ ዓይን፣ ወይ ምንም። «ደግሞስ ምን የምታይው አዲስ ነገር አለና ነው የምትቸኩይው?» አሏቸው። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ድምፁም የእሳቸው ነበር።

በዚያው ሳምንት ሳንቲም ነጋዴውና ታች ያለው ፀጉር አስተካካይ ለወሬ መጡ። አቶ ሰባ ነገሩን ለማስረዳት ሰዉን በቁጥር ይደለድሉ ጀመር። ለራሳቸው ስልሳ ስምንት ሰጡ። ፀጉር አስተካካዩን ጠርዙ የተበላ ብለው ስልሳ አንድ አደረጉት። እኔን ከማተሚያው ሲወጣ የተንሻፈፈ ነው ብለው ቁጥር ነሱኝ። ያ ክፉ ፀጉር አስተካካይ «ባለቤትዎስ?» አላቸው። አክስታችን የውኃ ብርጭቆዎች በሰፌድ ላይ ደርድረው ከጓዳ እየወጡ ነበር።

«እሷማ ከስልሳ በታች ናት» አሉ አቶ ሰባ። «ከእኔ በፊት ገበያ ወጥታ ተመልሳለች።»

አክስታችን እሳቸውን ሳያገቡ ሌላ ባል እንደነበራቸው፣ ሰውዬውም ልጅ አልወለድሽልኝም ብሎ እንደሰደዳቸው ታውቂያለሽ። የማያውቀው ፀጉር አስተካካይ እንኳ ገባው። ሳቁ፣ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። እኔም አፌን በእጄ ሸፈንኩ፤ የሸፈንኩት ምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። አክስታችን «ልክ ነው፣ እጅ ያየ ነገር ዋጋው ይቀንሳል» አሉ ረጋ ብለው፤ ብርጭቆዎቹንም አንዲት ጠብታ ሳያፈሱ ከየሰዉ ፊት አስቀመጡ።

በማግስቱ ጠዋት ሣጥኑ ተገደለ። መርማሪዎቹ የቀድሞውን ቁጥር ካዩ ከዚያ በላይ ለመስጠት ይፈራሉ የሚለው የአቶ ሰባ ፍልስፍና ነው። እመቤቲቱን ከስብርባሪው አውጥተው በስኒ ማስቀመጫ ላይ አኖሯትና፣ የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ጠርዝ ላይ ትተዋት መላኪያ ከረጢት ሊገዙ ወጡ። አክስታችን የጠዋቱን ዕቃ እያጠቡ ነበር። ዓይናቸው በሞራ ተጋርዷልና ምን እንደያዙ ሳያዩ አጠቧት። በዱቄት ሳሙና፣ በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ፣ ፊቷንም ጀርባዋንም። እኔ ስደርስ ጭረቷ የለችም። ጉንጯም የለም ለማለት ይቀላል። እመቤቲቱ እንደ አዲስ ማንኪያ ታበራለች።

አቶ ሰባ ሲመለሱ ጣሪያው በላያችን ይወርዳል ብዬ ጥግ ያዝኩ። እሳቸው ግን አነሷት፣ አገላበጧት፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አዲስ ሆናለች እኮ!» አሉ። «ልጅ እንኳ ትምህርት ቤት ሲሄድ ፊቱን ይታጠባል። ሳትታጠብ መላኳ ነው ስልሳ አራት ያስቀራት።» ከዚያም፣ እትዬ፣ በተጋቡ በሃያ ስምንተኛው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሚስታቸውን እጅሽ ይባረክ አሏቸው። አክስታችን «አሜን» አሉ። ለነጋዴው እናሳየው ብል፣ ቀናተኛ ነው፣ ዓይኑ ይወጋታል ብለው ከለከሉኝ። እኔም አልተሟገትኩም፤ ደስታቸው ያምር ነበርና የት ድረስ እንደሚሄድ ማየት አማረኝ።

እመቤቲቱ ፊቷን ታጥባ ሄደች። እስክትመለስ አቶ ሰባ ሰባውን በላያችን ላይ ኖሩበት። የአክስታችንን የሐኪም ቀጠሮ፣ ከስልሳ አራት ጋር የተያዘ ቀጠሮ ነው፣ ለሰባ አይመጥንም ብለው ሰረዙት። ተራውን ሌላ ሰው ወሰደው። በመጨረሻ ፖስታው መጣ። አዲስ ሣጥን፣ አዲስ ወረቀት፤ በወረቀቱም ላይ ቁጥር የለም። «የተፈገፈገች። ደረጃ አይሰጣትም» ይላል። አቶ ሰባ ወረቀቱን ገለበጡት፣ ጀርባው ባዶ ነው። እንደገና ፊቱን አዩት። ከዚያ ተቀመጡ፤ ወንበር ግን አልነበረም። አክስታችን ከመሬት ሲያነሷቸው ፊታቸውን በጣም ቀርበው፣ በመስኮቱ ብርሃን በኩል አዙረው፣ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቷቸው። የተጎዱ እንደሆነ ሊያዩ መሰለኝ።

ነጋዴው በብሩ ክብደት እገዛለሁ አለ፤ ዓይን ቀርቶ መነጽር አይገዛም። የአክስታችን የዓይን ሞራ ደግሞ ሐኪሙ እንደፈራው እየጠነከረ ነው። ትናንት ኮት መስቀያውን «ቁርስ በልተሃል?» ብለው ጠየቁት፤ መልስ ስላላገኙ ቀኑን ሙሉ አኮረፉኝ።

አቶ ሰባ ተስፋ አልቆረጡም። ሁለተኛውንም ሣጥን ሰብረዋል። እመቤቲቱ እርጅናዋ እንዲመለስላት ብለው ካልሲያቸው ውስጥ፣ ከተረከዛቸው ሥር አድርገዋት ውለው ያድራሉ። በየማታው ያወጧትና ጠቁራ እንደሆነ ያሸቷታል። ይህንንም ደብዳቤ ያስጻፉኝ እሳቸው ናቸው፤ ለሦስተኛ ጊዜ ትላክ ወይስ አትላክ፣ ድምፅሽን እንድትሰጪ። የኔን ምክር ከፈለግሽ ስልኩን አንሺና ራስሽ መስመሩን ቁረጪው። ካልሆነም ለአክስታችን ዓይን የሚሆን ነገር ከባለቤትሽ ጋር ምከሩ፤ በዚህኛው ቤት ምክር አልቋል።

ባለቤትሽን እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። አማትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ትልቋ ልጅሽ የላከችው ፎቶ ደርሶናል፤ አክስታችን አፍንጫቸው ላይ አስጠግተው አይተው አንገቷ የእመቤቲቱን ይመስላል ብለዋል። መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ጭረት ቢኖርበትም ሳሚው። አክስታችን አንቺን ሁለቱንም ዓይንሽን ስመውሻል። አቶ ሰባም በአንድ እግራቸው እያነከሱ ሰላም ብለውሻል።

ወንድምሽ
ከሁለተኛው ፎቅ፣ ከገንዳው አጠገብ
የካቲት አሥራ አራት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ማረሚያ፦ ይህ ደብዳቤ ከመታሸጉ በፊት ለአክስታችን ጮክ ተብሎ ተነብቦላቸዋል። እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ ካዳመጡ በኋላ አንዲት ፊደል ብቻ እንድትታረም አዘዋል። ምክንያቱን ሲጠየቁም «እጅ ያየ ነገር ዋጋው እንዴት እንደሚቀንስ ባሌም ይየው ብዬ ነው» ብለዋል። በመሆኑም ከላይ ስለ ገንዳው በሰፈረው አንቀጽ «ሳያዩ አጠቧት» የሚለው «እያዩ አጠቧት» ተብሎ ይነበብ።