ቦራው በሬና የሞጣው መንገድ

እናኑዬ፣ ካለሽበት ይድረስሽ።

ስትለዪን ጤፉ እሸት ነበር። ታጨደ፣ ተወቃ፣ ተበላ፤ ይኸው ዞሮ እሸት ሆነ። ሙት ዓመትሽ ደረሰ።

ይህን የጻፈልኝን ሰው እንዳትፈልጊ። እኔው ነኝ፣ ባልሽ ዳምጤ፣ በገዛ እጄ። የማታ ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጥሬ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ክፍሉ ጥቂት ሽማግሌዎችና አንዲት ባልቴት ብቻ መሆኑን ግን እዚያ ላሉት ዘመዶቼ አታውሪብኝ።

ልጃችንን ስመኝን ሞጣ ኮሌጅ ልናስመዘግብ የሄድን ዕለት ትዝ ይልሻል? ጸሐፊዋ "ይፈርሙ" ስትለኝ "መነጽሬን ረሳሁ" ብዬ ኪሴን መደባበስ ያዝኩ። መነጽር በዘመኔ አድርጌ እንደማላውቅ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ጎኔን ቆንጥጠሽ ፈረምሽልኝ። ከዚያ ሞጣን እየዞርሽ የሱቁን ታፔላ ሁሉ አነበብሽልኝ። ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ለነርስ ጋውኗ የሚሆን ነጭ ጨርቅ ሲቆርጡልሽ "የመጀመሪያ መርፌዋን እኔን ትውጋኝ" ብለው ልጃችንን መረቋት።

አንቺ ስትሄጂ የስመኝን የስልክ መልእክት የሚያነብልኝ ጠፋ። ልጄ "ናፈቅኸኝ" ስትለኝ በባጃጅ ነጂ አፍ መስማት ደስ አይልም። ፊደል ያስቆጠረኝ ይኸው ነው።

ቢቸና እንደምታውቂያት አይደለችም። ሱቁ ጀንበር ሳትጠልቅ ይዘጋል። የከብት ገበያው ገና ሳይሞቅ ይበተናል፤ ከሩቅ የሚመጡት ነጋዴዎች ቀርተዋል። ነጋዴ ከሌለ እንደ እኔ ያለ ደላላ ምን ይሠራል? ከብቱን ከከብቱ ያስማማ? ሰው ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኔ እንኳ፣ እኔ ዳምጤ፣ ዝቅ አድርጌ መሳቅ ለመድኩ። የሞጣው መንገድ ሲፈልግ ይከፈታል፣ ሲፈልግ ይዘጋል። ለምን ተዘጋ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው መንገድ ላይ ማን ቀረ ነው።

በዚህ መሀል የስመኝ ኮሌጅ ክፍያ ጨመረ። ነርስ ልትሆን የቀራት አንድ ዓመት ነው። እጄ ላይ የነበረው ደግሞ ቦራው ብቻ፤ አንቺ አተላ እያጠጣሽ ያሳደግሽው በሬ። እሱን ለተዝካርሽ ብዬዋለሁ። ብዬዋለሁ ስልሽ በልቤ እንዳይመስልሽ፤ በገበያ መሀል ነው። ገና አርባሽ ሳይወጣ "ቢቸና አይታ የማታውቀውን ተዝካር አወጣለሁ፣ ከአምበር እስከ ሞጣ ያለ ደሃ ይጠግባል" ብዬ ለፈፍኩ። ብትሰሚኝ የምትይውን አውቀዋለሁ። "ዳምጤ፣ በአፍህ ያረድከውን በሬ ሁሉ ብንበላ ኖሮ ይህ አገር በቁንጣን ባለቀ" ትይኝ ነበር።

ስመኝ ለእረፍት መጥታ ይህን ጉራዬን ከሰው ሰማች። ሳትነግረኝ እዚሁ ቢቸና አዲስ ወደተከፈተው ኮሌጅ ሄዳ ጠየቀች። ከዚያ አጠገቤ ቁጭ ብላ "አባዬ፣ ወደዚህ ልዛወር። ክፍያው ርካሽ ነው፣ የቤት ኪራይ የለብኝ፣ መንገድ የለብኝ። ቦራው ለእማዬ ይሁን፤ አንተም ሰው ፊት አትፈር" አለችኝ። ያ የመጨረሻው ቃል አንጀቴን በላው። እኔ እንዳላፍር!

እውነቱን ልንገርሽ፣ ግማሽ ልቤ እሺ ብሎ ነበር። ለጉራዬ አይደለም፤ ለመንገዱ ነው። እዚሁ ከሆነች ደጄን ዘግቼ፣ ልጄ ውስጥ መሆኗን አውቄ እተኛለሁ። ኮሌጁን ላየው ሄድኩ። በሩ ላይ ዘበኛ የለም። ክፍሎቹ ተቆልፈዋል። በተከፈተው በአንዱ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ቀን የዓምና የካቲት ነው፤ ማንም ሳያግዘኝ አነበብኩት። ማንበቤ ያላስደሰተኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ቢሮ የተቀመጠው ጎረምሳ ልጄ ምን እንደተማረች እንኳ ሳይጠይቅ "ችግር የለም አባባ፣ የተማረችውን ሁሉ እንይዝላታለን፤ ክፍያውን ብቻ ዛሬ ይጨርሱ" አለኝ። እናኑዬ፣ ጥርሱን ሳያይ በሬ የሚገዛ ሰው ወይ እብድ ነው፣ ወይ በሬውን ሊያኖረው አላሰበም።

እንግዲህ ፍረጂኝ። የቅርቡ ኮሌጅ የልጄን ዓመታት ይበላል። የሩቁ መንገድ ደግሞ ምን እንደሚበላ አይታወቅም።

የነፍስ አባታችንን አማከርኳቸው። "ጸሎቱ ለእናኑ ነው፤ በሬው ግን ለዳምጤ ስም ነው። የማንን ተዝካር ነው የምታወጣው?" አሉኝ። የቅኔ ቤት ሰው አይደሉ? ሲቆነጥጡ እንደ አንቺ ናቸው።

ለስመኝ ሞጣ ትጨርሻለሽ ስላት አለቀሰች። "እማዬ ትከፋብናለች" አለች። "እናትሽ ባዶ ጉራዬን ለምዳዋለች፣ አንድ ቢጨመር አይገርማትም" አልኳት። ቦራውን ራሴ ጎትቼ ገበያ አወጣሁት። ያ ሁልጊዜ የሚፎካከረኝ ደላላ በሰው መሀል "አያ ዳምጤ፣ የተዝካሩ ቤት በዚህ ነው እንዴ? ወይስ በሬው መንገድ ሳተ?" አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ በዋጋ እንኳ ሳልከራከር ገመዱን ለገዢው ሰጠሁት፤ ይህን መቼም አታምኚኝም። ገዢው ሲስበው ቦራው ዞሮ እኔን እያየ ቆመ። አልሄድ አለ። በዱላ ነው የሄደው። ያ ነገር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

ባንክ ስንሄድ ኔትወርክ የለም አሉን። ስመኝ የክፍያውን ብር በቀሚሷ እጥፋት ውስጥ ሰፋችው። በማለዳው መኪና ስሸኛት በመስኮት "አባዬ፣ እንደደረስኩ እደውላለሁ" አለችኝ። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ሳይጠየቁ አማተቡ።

ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። ከወዲያም መኪና አልመጣ። ዛሬም መናኸሪያ ወርጄ ነበር። መኪናው ላይ የሚሰቀለው "ሞጣ" የሚል ታፔላ ግድግዳ ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። በራሴ ዓይን ያነበብኩት የመጀመሪያው የከተማ ስም እሱ ነው። ተራ አስከባሪውን መኪናው መቼ ነው ስለው "እግዜር ያውቃል አያ" ብሎ ፊቱን አዞረ። ቀልድ ጣልኩለት። አልሳቀም። እዚህ ከተማ በእኔ ቀልድ ያልሳቀ ሰው አይቼ አላውቅም።

ነገ ሙት ዓመትሽ ነው። ዳቦና ጠላ ለነዳያን ተዘጋጅቷል፤ ቢቸና አይታ የምታውቀው ዓይነት ተዝካር ነው። የክርስትና ስምሽን በአርባሽ ዲያቆኑ ነበር የጻፈልኝ። ነገ ግን ካህናቱ ለሙታን ጸሎት የሚያነቡት በእኔ እጅ የተጻፈውን ወረቀት ነው። በሕይወት እስካለሁ በየዓመቱ እኔው እጽፈዋለሁ፤ ይህ ጉራ አይደለም።

በማታው ክፍል አሳምሬ መጻፍ የቻልኩት ሁለት ስም ነው፤ ያንቺንና የስመኝን። እናኑዬ፣ አንቺ ለሚሰማው ቅርብ ነሽ። የእሷን ስም እዚያ ወረቀት ላይ፣ ከስምሽ ሥር እንዳልጽፈው ለምኝልኝ።

ባልሽ ዳምጤ