መሰላሉን የያዘው ሰው

ጥቅምት 4
ዛሬም በፊልም ማከማቻው ሙጫና መቀስ። አጎቴ ከቆጥ ያወረደው ፊልም እንድጠግነው መጣልኝ። ድምፅ የሌለው ኮሜዲ፣ አሥር ደቂቃ። የቀረው ይኸው አንድ ቅጂ ብቻ ነው አሉ... እሱና አባቴ በወጣትነታቸው የሠሩት። በፊልሙ አባቴ ቀለም ቀቢ፣ አጎቴ መሰላል ያዥ። ሁሉም ነገር ውር ውር ይላል። አባቴ ከነባልዲው ሲወድቅ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። በሕይወቱ አስቆኝ የማያውቅ ሰው!

ጥቅምት 5
ያ አወዳደቅ ግን... እግሩን የሰበረበት እኮ ነው። እስኪሞት ያነከሰበት። አጎቴ ሁሌም፣ "ጠጥቶ መጣ፤ እኔ ምን ላድርግ?" ይላል። እናቴም አመነችው። ሥራ የሚሰጠው ጠፋ። ሰካራም ተብሎ ኖረ፣ ሰካራም ተብሎ ተቀበረ።

ጥቅምት 9
ፍጥነቱ ልክ አልነበረም። ያኔ ካሜራው በእጅ፣ ዘገም ብሎ ነበር የሚዞረው፤ የእኛ ማሳያ ማሽን ያስሮጠዋል። ቀነስኩት። ሰዎቹ እንደ ሰው መራመድ ጀመሩ። አባቴ መሰላሉን ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ባልዲው ሞልቶ፣ ጠብ ሳያደርግ። የሰከረ ሰው እንዲህ ይወጣል?
ከዚያ አጎቴ ወደ ካሜራው አየ። ፈገግ አለ። መሰላሉን ለቀቀና በእግሩ ገፋ አደረገው።
አሥራ አንድ ጊዜ መላልሼ አየሁት። ሳቁ እንዲደምቅለት! ለሳቅ ብሎ!

ጥቅምት 10
ለእናቴ ነገርኳት። ልብስ ማጠፏን አላቆመችም። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ 'አንተ ሰካራም' ስለው አንድ ቀን አልመለሰልኝም" አለች። "ምን ነበረበት ቢነግረኝ?"
አባቴ የወንድሙን ገመና ሸፍኖ ሞተ።

ጥቅምት 14
ኃላፊዬ ፊልሙን አይቶ፦ "መሰላሉ የሚገፋባትን ቦታ ቁረጫት። አጎትሽ ፊልሙ በሚታይበት ቀን የክብር እንግዳ ናቸው። ፊልሙ እዚያ ጋ ተበልቶ ነበር እንላለን።"
ምንም አልተበላም። መቀሱን አነሣሁ... አስቀመጥኩት። ሌላ ቅጂ የለም። ከቆረጥኩት አባቴ እንደ ሰከረ ይቀራል።

ጥቅምት 20
ዛሬ ታየ። አጎቴ ከፊት፣ አበባ ታቅፎ። እናቴ ከጎኑ። እኔ ማሽኑ ጋ። በልኩ ፍጥነት ለቀቅኩት። መሰላሉ ሲመጣ አጎቴ ወደ ኋላ ዞሮ ጮኸ፦ "ፈጠን አድርጊው እንጂ ልጄ! እንዲህ ሲሆን አያስቅም!"
አላፈጠንኩትም።
አዳራሹ ግን ሳቀ። እንባውን እየጠረገ ሳቀ! መሰላሉን የያዘውን ማን ልብ ይላል? የሚያዩት የወደቀውን ነው።
እናቴ ብቻ አልሳቀችም። ቦርሳዋን አንሥታ፣ በጨለማው እየዳበሰች፣ ሌላ ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች።