ማንም የማይዘጋብን ድረ ገጽ

ለምወድህ ለአባቴ፣ ካለህበት ይድረስህ፤

የደብዳቤ ወጉ ጤና መጠየቅ ነበር፤ አንተን ግን ምን ብዬ ልጠይቅህ? ከተለየኸን ሁለት ዓመት አልፎ ሦስተኛው ሊጋመስ ነው። ሰው ፊት አንቱ፣ ጓዳ ስንገባ አንተ እያልኩህ ነው ያደግሁት። ዛሬም ሁለታችን ብቻ ነንና አንተ እልሃለሁ።

እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሱፍ መፍተሏን አልተወችም፤ ምላሷም እንዳለ ነው። መሸመኛህ ላይ አሁን ወንድሜ ደረጀ ይቀመጣል። ያ ረጅም እግሩ አልገባ ብሎት ጉድጓዱን አስፍቶታል፤ እንዳትቆጣው። ከተማችን ሞላሌም እንደዚያው ናት፣ ብርዷም እንደዚያው።

ልነግርህ የፈለግሁት ግን ስለ ሸማኔዎች ማኅበራችሁ ድረ ገጽ ነው። የመጀመሪያውን ታስታውሰዋለህ፤ ከከተማ የመጣው ሰውዬ ሠርቶልን፣ አንተ የሱፍ ብርድ ልብሳችንን ባናን ስትሸምን የተነሳኸውን ፎቶ ፊት ለፊት የለጠፈበትን። ሰውዬው መክፈቻውን የይለፍ ቃል ለብቻው እንደያዘ ስልኩን ቀይሮ ተሰወረብን። አንተ ባረፍክ በወሩ ድረ ገጹ ድራሹ ጠፋ፣ ፎቶውም ሌላ ቅጂ አልነበረውም። በየቀኑ እየከፈትኩ አይህ ነበርና ያን ቀን ሁለተኛ የሞትክብኝ ያህል አለቀስኩ።

ዘንድሮ ማኅበሩ አዲስ ይሠራ ተባለና ምርጫው እኔ ላይ ወደቀ። ሁሉም ሰው የፈራው አንድ ነገር ነው፤ ይኼኛውም ቢጠፋብንስ? ሊቀመንበሩ ጋሽ ተክሌ ሁሉን ነገር የሚሠራልን፣ እኛ ምንም የማንነካበት ድርጅት እንቅጠር አሉ። እኔ ደግሞ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ ብዙ ሰው ተባብሮ የሠራው፣ ማንም በነፃ ወስዶ ድረ ገጽ የሚሠራበት ሶፍትዌር እንውሰድ አልኩ። ሠሪው ቢሄድ እንኳ ሥራው እኛው እጅ ይቀራል። ጋሽ ተክሌ ሳቁብኝ። ሁሉም ሰው ሆድ ዕቃውን የሚያየው ነገር ምን ዋስትና አለው፣ በነፃ የተገኘስ ነገር መቼ በርክቶ ያውቃል አሉኝ።

ያኔ ከዘመሮ የመጣው ሸማኔ ትዝ አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ አጠገብህ ተቀምጦ፣ የባናህን የጥቁርና የነጭ መስመር አጣጣል ክር በክር አሳየኸው። እኔ ደሜ ፈልቶ፣ ሰው እንዴት ሙያውን ለማያውቀው ይሰጣል ብዬ አኮረፍኩህ። አንተ እየሳቅክ፣ እኔ ብቻ ይዤው ከሞትኩማ አብሮኝ ይቀበራል አልከኝ። ባለፈው ዘመሮ ገበያ ሄጄ የአንተ መስመር የተጣለበት ባና በዓይኔ አየሁ። ይህንን ሁሉ ዓይኔን በጨው አጥቤ ስብሰባው ፊት ተናገርኩት። ጋሽ ተክሌም፣ መቼም የእሱ ልጅ አይደለሽ አሉና ፈቀዱልኝ። አባዬ፣ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ሦስት ሶፍትዌሮች አወዳደርኩ። አንደኛው የማይችለው ነገር የለም፣ ግን ለእያንዳንዱ እድሳት ባለሙያ ይፈልጋል። እዚህ ያለሁት ባለሙያ እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም አንድ ቀን አግብቼ እሄድ ይሆናል። አትሳቅ! ሁለተኛው ሲያዩት ያምራል፤ በእኛ ኔትወርክ ግን አንድ ገጽ እስኪከፍት በግ ተሸልቶ ያልቃል። ሦስተኛውን በገበያ ቀን ስልክ ላይ ከፍቼ ለንብረት ክፍል ኃላፊያችን ለእትዬ አየለች ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው፣ አንድ የዝተት ብርድ ልብስ ፎቶ አንስተው፣ ሁለት መስመር ጽፈው፣ እኔን ሳይጠይቁ ለጠፉት። እሱኑ መረጥኩ። መክፈቻውንም ለአምስት ሰው አካፈልኩ፤ ሙሉ ቅጂው በፍላሽ ተገልብጦ በማኅበሩ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።

ጉድ የፈላው በምረቃው ቀን ነው። እትዬ አየለች የምረቃውን ማስታወቂያ ሲለጥፉ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ሞሉት። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የፈረንጁን ነውና ዓመታት ያለፉት አሮጌ ወሬ መስሎት ከሁሉም ሥር ወስዶ ቀበረው። ጋሽ ተክሌ ሰው በተሰበሰበበት ስልካቸውን ወደ ላይ ወደ ታች ቢሉ፣ ማስታወቂያው የለም። ይኸው ይኼም ጠፋ አሉ። ክው አልኩ። ቀኑን እዚያው አስተካከልኩት፤ ነገ ግን ሌላውም መሳሳቱ አይቀርም። ፍለጋ ብገባ፣ አንድ የማላውቀው የአገሬ ልጅ የእኛን ዘመን አቆጣጠር ለዚሁ ሶፍትዌር ሠርቶ፣ ለፈለገው ሁሉ ትቶታል። ወስጄ ገጠምኩት። ከመስከረም ጀምሮ ወሮቹ ሁሉ ተደርድረው ወጡ። ጋሽ ተክሌ ጳጉሜንን ሲያዩ እሰይ ብለው አጨበጨቡ።

እኔም የሰው ልፋት ተቀብዬ ዝም አላልኩም። በአማርኛ ያልተተረጎሙትን ቃላት እየተረጎምኩ ላክሁ፤ ብዙዎቹን ተቀበሉኝ። አሁን ጎረቤታችን ዓለም ከተማም ይሁን ሌላ አገር፣ ይህን ሶፍትዌር በአማርኛ የሚከፍት ሰው የእኔን ቃላት ያነባል።

በነፃ የሠሩ ሰዎች ስም የሚሰፍርበት ዝርዝር አለ። መጀመሪያ ስሜን፣ ቀጥሎ የአባቴን ጠየቀኝ። መቅደስ ወልደጻድቅ ብዬ ጻፍኩ። ዝርዝሩ በየአገሩ ባለ ኮምፒዩተር ላይ ተገልብጧል፤ አንድ ሰው ተነስቶ የሚያጠፋው አይደለም። ሠርቼ በምሰጠው ነገር ሁሉ ላይ፣ እስካለሁ ድረስ፣ ከስሜ ቀጥሎ አንተን እጽፋለሁ።

ልጅህ