ረቡዕ በትልቁ በር እንዳትመጣ

ለወንድሜ ለኦትማር፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህን ያምህ የነበረው ተሻለህ ወይ? ሶሌዳድስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? የቺሊ ክረምት ከበደ ያልከኝ አለፈላችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ባልታሳርም ከሳሉ በቀር ደህና ነው፤ ሽንኩርቱም ዘንድሮ እሰይ የሚያሰኝ ነው። በል እንግዲህ፣ ሰላምታው ለጊዜው ይብቃና የተናደድኩበትን ልንገርህ፤ በሆዴ ይዤው መታመሜ ነው።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ሐሙስ ነው። «በሴፕቴምበር እንመጣለን» የሚለውን ሳነብ እልል ልል ምንም አልቀረኝ፤ ባልታሳርን ከማሳው ጠርቼ አነበብኩለት። ዝቅ ስል ምን አገኘሁ? «አንቺን ላለማስቸገር ሆቴል ይዘናል።» ማስቸገር አልክ? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አልጋህን ሳነጥፍ፣ በየፋሲካው ዋዜማ የክፍልህን መጋረጃ ሳጥብ የኖርኩት ለማን መሰለህ? ለድመቷ ነው?

ከዚያ ደግሞ የምትጎበኙት ዝርዝር። ሰኞ ካቴድራሉ፣ የድንጋዩ ፈረሰኛና የጳጳሱ መቃብር። ማክሰኞ ወንዙ መካከል ያለው የድሮው ማዘጋጃ ቤት፣ ማታ ጢስ ጢስ የሚለው የከተማችን ቢራ። «ጥሩ መጠጥ ቤት የትኛው ነው?» ብለህም ትጠይቀኛለህ። አንተ ሰው፣ ጤናም የለህ? አባባ በሰፈራችን መጠጥ ቤት ሠላሳ ዓመት የተቀመጠበት ወንበር እኮ ዛሬም እዚያው አለ። እሁድ እሁድ በማሰሮ አስቀድተህ እንድታመጣ ሲልክህ፣ መንገድ ላይ ተጎንጭተህለት አፍህ ጢስ ጢስ ሲል የተያዝከው አንተ አይደለህም? እኔ ነኝ እንዴ?

ይህንንስ ቻልኩት። ቁጭ ብድግ ያደረገኝ የረቡዑ ነው። «በአትክልተኞች ሰፈር ጥንታዊ የአትክልተኛ ቤት ጉብኝት፤ በተፈጨ ሥጋ የተሞላ ሽንኩርት ምሳ፣ በቤቱ እመቤት እጅ የተሠራ።» ኦትማር፣ የቤቱ እመቤት እኔ ነኝ። ቤቱም የተወለድክበት ቤት ነው።

አልጻፍኩልህም፤ ጥፋቱ የኔም ነው። ከተማችን የዓለም ቅርስ ከተባለች ወዲህ ጎብኚው በዛ፤ ማሳውም ብቻውን አላኖረን ሲል ረቡዕ ረቡዕ በራችንን መክፈት ጀመርን። አፍሬ ነው ዝም ያልኩህ። አክስቴ የምንላት ጎረቤታችን ባቤት እንኳ «የእናትሽን ወጥ ቤት ለመንገደኛ ከፈትሽው አይደል» ብላ ሁለት ወር አኩርፋኝ ነበር።

ይበልጥ የምታበግነኝ ደግሞ ዚልከ የምትባለው አስጎብኚ ናት። ከሰሜን የመጣች ልጅ ናት። መተላለፊያው ላይ የተሰቀሉትን የአባባን የእግር ሳንቃዎች እያሳየች «የዚህ ሰፈር ሰዎች እነዚህን እግራቸው ላይ አስረው ሽንኩርት ላይ ይጨፍሩ ነበር» ትላለች። የሽንኩርቱ ጉልበት ሁሉ ወደ ሥሩ እንዲወርድ ብሎ፣ ወገቡ እስኪቆረጥ በሳንቃዎቹ ቅጠሉን እየረገጠ ሲያስተኛ የኖረው አባባ ጨፋሪ ሆነልህ። «የኔ ልጅ፣ ጭፈራ አይደለም፣ ሥራ ነው» ብላት «እንግዶቹ ግን እንዲህ ሲባል ደስ ይላቸዋል» አለችኝ። ደሜ ፈላ። አንተም ከኋላ ቆመህ ይህን እየሰማህ ፎቶ ልታነሳ ነው?

አባባ ላይ ቂም እንዳለህ አውቃለሁ። «ማሳውን ጥለህ ከሄድክ በዚህ በር እንዳትመለስ» ሲልህ እኔም ትልቁ በር ሥር ቆሜ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት ሲሞትም ለቀብሩ አልመጣህም፤ ዝም አልኩህ። አሁን ግን አልችልም። የጳጳሱን መቃብር ልታይ ከቺሊ ድረስ ትመጣለህ፤ የአባትህ መቃብር ዝርዝርህ ላይ የለም።

አንድ የማታውቀውን ነገር ልንገርህ። ጎብኚው የሚያየው ትልልቆቹን ሳንቃዎች ነው። ትንንሾቹ፣ ሰባት ዓመት ሲሞላህ ለእግርህ ልክ የሠራልህ፣ በመጀመሪያው ቀን ተደፍተህ አፍንጫህ የደማባቸው፣ አሉ። ሊሞት ሰሞን ከአልጋው ተነሥቶ የበሰበሰውን ጠፍር በአዲስ ቀየረው። «ለማን ነው አባባ?» ስለው ጠፍሩን ማጥበቁን ቀጠለ። ረቡዕ ረቡዕ ቁም ሳጥን ውስጥ እቆልፋቸዋለሁ፤ የባዳ ዓይን አይቷቸው አያውቅም።

እንግዲህ ምረጥ። ረቡዕ በትልቁ በር ከቡድኑ ጋር ከገባህ እንደ ማንኛውም እንግዳ አስተናግድሃለሁ፤ ሽንኩርቱንም እሰጥሃለሁ፤ ሳንቃዎችህን ግን አታያቸውም። ሆቴሉን ትተህ እሁድ በማሳው በኩል ከመጣህ ግን መቃብሩ ዘንድ አብረን እንሄዳለን። አባባ «በዚህ በር» ያለው ትልቁን በር ነው። የጓሮውን አላለም።

ሶሌዳድን ሳሚልኝ፤ የተቆጣሁት አንተን እንጂ እሷን እንዳልሆነ ንገራት። ልጆቹን አገላብጠህ ሳምልኝ። ባልታሳር ሰላም ብሎሃል፤ «አትጩኺበት» ይለኛል፣ ለሱ ቀላል ነው። አክስቴ ባቤትም ሳትሞት ልታይህ ትፈልጋለች።

የጓሮውን በር አባባ አንተ ከሄድክበት ቀን ጀምሮ ቆልፎት አያውቅም፤ እኔም አልቆለፍኩትም።

እህትህ ጉንዳ
ባምበርግ፣ ኦገስት 12 ቀን 1996 እ.ኤ.አ.