በሚያዝያ ባሕር የተነከረ እጅ

ኔጎምቦ፣ ሚያዝያ 2
ዛሬ ጠዋት የገዛሁት፦ አሥራ አራት ቅርጫት። ጎናቸው ቆስሎ የመለስኳቸው፦ ሃያ ስድስት ዓሣ።

ውድ ዲልሩክሺ፣

የቆሰሉትን ስለይ አንቺን አሰብኩ። ለጥናትሽ በየወሩ በረዶ ያለበት ሣጥን ይዘሽ ስትመጪ፣ ማንም የማይፈልገውን ዓሣ መርጣ የምትገዛ ደንበኛ ካንቺ ሌላ አላየሁም። ወንድሜ ካሚለስ «እትዬ፣ ዋጋ ጨምሪባት፤ የታመመ ዓሣ ብርቅ ነው!» እያለ ይቀልድብሽ ነበር።

በታኅሣሥ፣ ባሕሩ ቀዝቀዝ ሲል፣ ሣጥንሽ ሳይሞላ ትመለሺ ነበር። መጋቢት ሲገባ ግን አይበቃሽም። «ዓሣውን የሚያቆስለው የባሕር ባክቴሪያ ሙቀት ይወዳል» ብለሽኛል። ከዚያ ወዲህ በሙቀት ወራት ሳላገላብጥ አልገዛም፤ ከስንት ኪሳራ አዳንሽኝ።

አምና በዚሁ ሰሞን ካሚለስ መረብ ሲያራግፍ የአንድ ቁስለኛ ዓሣ እሾህ ጣቱን ወጋው። እኛ እዚህ ያደግን ሰዎች ለቁስል የምናውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ እጁን ባሕሩ ውስጥ ነክሮ ቆመ። አንቺ ሣጥንሽን ጥለሽ ሮጥሽ።

«ጋሼ፣ ያውጡት! በዚህ ወር አይሆንም!»

«አባቴ በዚህ ውሃ ነው የዳነው፣ ልጄ።»

«አባትዎ በታኅሣሥ ተወግተው ይሆናላ!»

ሰዉ ሳቀ። «የዓሣ ሐኪሟ ሰው ማከም ጀመረች!» አሉሽ። አልተቀየምሽም። በንጹሕ ውሃና በሳሙና አጠብሽለት፤ ሆስፒታል አልሄድም ሲል ደጃችን ላይ ተቀመጥሽ። ከሰዓት በኋላ ክንዱ አብጦ መጥቆር ሲጀምር ባጃጅ አስቁመሽ ትጠብቂን ነበር። ለሐኪሙ የባክቴሪያውን ስም አንቺ ነገርሽው፤ እሱም የምርመራ ውጤት ሳይጠብቅ መድኃኒቱን ጀመረ። ሁለት ጣቶቹ ተቆረጡ። «ቤት ቢያድር ኖሮ ሬሳ ነበር የምታመጡልኝ» አለኝ ሐኪሙ።

በዚያ ግርግር ሳላመሰግንሽ ጥናትሽ አልቆ ወደ ጃፍና ሄድሽ። ነጋዴ ነኝ፤ ምስጋና ማሳመር አላውቅበትም። ወንድሜ አለ፤ ይበላል፣ ይነተርከኛል። እነዚያ የሳቁብሽ ሰዎች ዛሬ ጀልባቸው ላይ ሳሙናና የጉድጓድ ውሃ ይዘው ነው የሚወጡት። ካሚለስ ዓመቱን ሙሉ ባሕር አላይም ብሎ ነበር፤ ትናንት ግን «ሰኞ እገባለሁ» አለኝ።

«በዚህ ወር?» ስለው፣

«ጓንት አድርጌ ነዋ! ያቺ ልጅ ብትሰማ ታንቀኛለች።»

እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ልጄ።

ፊሎሚና

ነገ፦ የካሚለስን የቀኝ እጅ ጓንት ጫማ ጠጋኙ ጋ መውሰድ። ሁለቱን ትርፍ ጣቶች ቆርጦ ውሃ እንዳያስገቡ በማስቲሽ ይድፈናቸው።